«እሺ ልጄ» ብለውኝ ወጡ፦ የድምፅ ቃና እና ቅንነት በሕክምና ውስጥ

 

ብዙ ጊዜ እዚህ ገጽ ላይ የማወራችሁ ስለ ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ጨጓራ ነው። ዛሬ ግን ፋርማሲ ስለማይሸጥ፣ ማዘዣም ስለማይጠይቅ ነገር ላውራችሁ። ሁላችንም በየቀኑ እንጠቀምበታለን፤ ያለቦታው ከተጠቀምንበት ደግሞ እንደማንኛውም መድኃኒት ጉዳት ያመጣል። የድምፃችን ቃና ነው። አንድን ቃል «ምን አልኩ?» ብቻ ሳይሆን «እንዴት አድርጌ አልኩት?» የሚለው ጉዳይ ማለቴ ነው።

ርዕሱን ስመርጥ አዋቂ ነኝ ብዬ አይደለም። ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ ከተመረቅኩም ገና ጥቂት ዓመቴ ነው። የመረጥኩት ስለተሳሳትኩበት ነው። ታካሚዋ እንዳይታወቁ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬአለሁ፤ የእኔን ጥፋት ግን እንዳለ ነው የምነግራችሁ።

በር ላይ ቆም ያሉት እናት

ሥራ በጀመርኩበት በመጀመሪያው ዓመት ነው። ተመላላሽ ክፍል ተመድቤ ነበር። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ሆኗል፤ ከጠዋት ጀምሮ ያለማቋረጥ ሰው እያየሁ ነው፤ ቁርስ አልበላሁም፤ በር ላይ ያለው ሰልፍ ደግሞ አልቀነሰም። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ እናት ገቡ። ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ። ስኳር እንዳለባቸው ካወቁ ዓመታት አልፈዋል። የጾም ስኳራቸው ሲለካ 312 ነው። ካርዳቸውን ገለጥ ሳደርግ ሜትፎርሚን ታዞላቸዋል፤ ቀጠሮ ግን ሁለት ጊዜ ቀርተዋል።

«እማማ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?»

ዝም አሉ።

«አቋርጠዋል አይደል? ለምን ያቋርጣሉ? እንዲህ ከቀጠሉ እኮ እግርዎ ይቆረጣል፣ ኩላሊትዎ ሥራ ያቆማል፣ ዓይንዎም ይጠፋል! በኋላ ደግሞ እኛን እንዳይወቅሱ!»

ልብ በሉ፣ ስለ በሽታው ከተናገርኩት ውስጥ ሐሰት የለም። ቁጥጥር ያልተደረገበት ስኳር እነዚህን ሁሉ ሊያስከትል ይችላል። ድምፄ ግን ከፍ ብሏል፣ ፈጥኗል፣ ዓይኔም ካርዱ ላይ ነው። እሳቸው የሰሙት ምክር ሳይሆን ክስ ነበር።

ነጠላቸውን አስተካከሉና «እሺ ልጄ» አሉኝ። እኔም «ገባቸው» ብዬ ያንኑ መድኃኒት እንደገና ጽፌ ሰጠኋቸው። ሊወጡ ሲሉ በሩ ጋ ቆም አሉ። የሚሉኝ ነገር ያለ መሰለኝ። ግን ቀና ሳልል «ቀጣይ!» ብዬ ተጣራሁ። ወጡ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማታ ተረኛ ሆኜ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ እያለሁ ልጃቸው ደግፋ አመጣቻቸው። ቀኝ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁ ሲፈታ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሁለት ጣቶቻቸው ጠቁረዋል። ወዲያው አልጋ ያዙ፤ ኢንሱሊንና አንቲባዮቲክ ተጀመረላቸው፤ ጣቶቹን ግን ማትረፍ አልተቻለም። ተቆረጡ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ላያቸው ስገባ የክፍሉ ነርስ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀምጣለች። «እናቴ፣ ክኒኑ አስቸግሮዎት ነበር እንዴ?» አለቻቸው። በቃ፣ ይችን ብቻ ነው ያለችው። ቀስ ብላ ጠየቀቻቸውና ዝም ብላ ጠበቀች።

ትንሽ አመነቱና ነገሯት። ክኒኑ ሆዳቸውን ያስቀምጣቸዋል። ጉልት በሚቀመጡበት አካባቢ ደግሞ መጸዳጃ ቤት የለም። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ዕቃቸውን ለሰው አደራ እየሰጡ መሮጥ ሲያቅታቸው ክኒኑን ተዉት። ይህን ለልጃቸው እኩያ ለሆነ ወንድ ሐኪም፣ ያውም ለተቆጣ ሐኪም፣ እንዴት ይናገሩት?

ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉና «ቁስሏም ያን ዕለት ነበረች እኮ ልጄ። ትንሽዬ ነበረች። ላሳይህ ብዬ ነበር፤ ሳይህ ደክሞሃል፣ ልጨምርብህ አልፈለግኩም» አሉኝ።

በር ላይ ቆም ያሉት ለዚያ ኖሯል።

ሜትፎርሚን ሆድ ማስቀመጡ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። በትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር፣ ከምግብ ጋር መውሰድ፣ ወይም በሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ የሚሟሟውን ዓይነት መቀየር ብዙ ሰዎችን ይረዳል። ካልሆነም ሌላ መድኃኒት አለ። ቁስሏም ያን ዕለት ብትታይ ኖሮ ታጥባ፣ ታሽጋ፣ ክትትል ይደረግላት ነበር። ጣቶቻቸውን ያሳጣቸው የእኔ ድምፅ ብቻ ነው አልልም፤ ስኳሩ ከእኔ በፊትም ነበር። ግን ያን ዕለት ሁለት የሚነግሩኝ ነገር ይዘው መጥተው ሁለቱንም ይዘው ተመለሱ። ያስመለሳቸው ደግሞ ድምፄ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ይህን ተረት ሁልጊዜ የምንተርተው በታማሚው ላይ ነው። ማን አስደበቀው ብለን ግን አንጠይቅም።

«እሺ» ስንት ትርጉም አለው?

እስቲ ቋንቋችንን እናስተውል። «እሺ» የምትለዋ ቃል በጽሑፍ አንድ ናት። በድምፅ ግን ብዙ ናት። ፈጠን ብላ ቀለል ስትል «ተስማምቻለሁ» ናት። ረዘም ስትል «ተው በቃ፣ ሰማሁህ» ናት። ዝቅ ብላ ከአንገት ማቀርቀር ጋር ስትመጣ «አልገባኝም፤ ግን ልጠይቅህ ፈራሁ» ናት። እነዚያ እናት ያሉኝ ሦስተኛዋን ነበር፤ እኔ የሰማሁት አንደኛዋን።

«ምን ሆነሽ ነው?» የሚለውንም እዩት። በለሆሳስ ሲባል እንክብካቤ ነው። ጠንከር ብሎ ሲባል «ደግሞ ዛሬ ምን አመጣሽ?» ማለት ነው። «አይዞህ» እንኳን፣ ያን የመሰለ ቃል፣ ስልክ እየነካኩ ሲሉት «ወሬህን ጨርስልኝ» የሚል ይመስላል።

«ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት አባቶቻችን ይህንኑ ነው። ምግቡ ምንም ቢጣፍጥ ያቀረበው ሰው ፊት ካጠቆረ አይበላም። ሕክምናም እንደዚያው ነው።

በሰውነታችን ውስጥ ምን ይካሄዳል?

አሁን ትንሽ ወደ ሳይንሱ ልውሰዳችሁ።

ድምፅ የሚወጣው ጉሮሯችን ውስጥ ያሉ ሁለት የድምፅ ክሮች ከሳንባ በሚወጣው አየር ሲርገበገቡ ነው። በአዋቂ ወንድ በሰከንድ በግምት 120 ጊዜ፣ በአዋቂ ሴት ደግሞ 200 ጊዜ አካባቢ ይርገበገባሉ። ስንቆጣ፣ ስንጨነቅ ወይም ስንቸኩል የጉሮሮ ጡንቻዎቻችን ይወጠራሉ፤ ትንፋሻችን ያጥራል፤ ክሮቹ ፈጥነው ይርገበገባሉ። ስለዚህ ድምፃችን ይቀጥናል፣ ይፈጥናል፣ ይጠነክራል። ይህ የሚሆነው አስበንበት አይደለም። የድምፅ ክሮቻችንን የሚያዝዘው ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብ ምታችንንም የሚያረጋጋው ያው ነርቭ ነው። የውስጥ ሁኔታችን በድምፃችን ላይ ለምን ቶሎ እንደሚታይ ከዚህ መገመት አያቅትም።

ሰሚውስ? በብዙ ሰው ዘንድ ቃላትን በዋናነት የሚያስተናግደው የአንጎል ግራ ክፍል ሲሆን፣ የንግግርን ስሜትና ዜማ በመለየት ረገድ ደግሞ ቀኙ ትልቅ ድርሻ አለው። አንዳንድ ቀኝ አንጎላቸው በስትሮክ የተጎዳ ሰዎች ቃሉን እየሰሙ ተናጋሪው ይቆጣ ይቀልድ መለየት የሚያቅታቸው ለዚህ ነው። ይህ ችሎታ ከፊደል በፊት ይመጣል። በ1980 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ከተወለዱ ሦስት ቀን ያልሞላቸው ሕፃናት የእናታቸውን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይተው እንደሚመርጡ አሳይቷል።

ሰሚው ቁጣ ሲሰማ ሰውነቱ ራሱን ለመከላከል ይዘጋጃል። ልቡ ይመታል፣ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ አፉ ይደርቃል። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ብቻ ግፊታቸው የሚጨምር ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው የተነገረውን ለማስታወስም ሆነ ያሰበውን ለመናገር ይቸገራል። ያን ዕለት ለእነዚያ እናት የነገርኳቸው ነገር ትክክል ቢሆንም ሊሰሙት በማይችሉበት ሁኔታ ላይ ሆነው ነው የነገርኳቸው።

ጥናቶችስ ምን ይላሉ?

አንዱን ልንገራችሁ። በአሜሪካ ናሊኒ አምባዲ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2002 ያሳተመችው ጥናት ነው። ቀዶ ጥገና ሐኪሞች ከታካሚዎቻቸው ጋር ሲነጋገሩ ከተቀዳ ድምፅ ላይ የአሥር አሥር ሰከንድ ቅንጫቢ ተወሰደ። ከዚያ ቃላቱ እንዳይለዩ ተደርጎ ቃናው ብቻ ቀረ፤ ከግድግዳ ጀርባ ሰው ሲያወራ እንደሚሰማው ዓይነት። የሰሙት ሰዎች ስለ ሐኪሞቹ ምንም አያውቁም። እንደዚያም ሆኖ ድምፃቸው «የበላይነት የሚሰማበት» እና «አሳቢነት የጎደለው» የተባሉት ሐኪሞች ቀደም ሲል በታካሚ የተከሰሱ ሆነው የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ቃል የለም፤ ቃና ብቻ!

ሌላው ስለ ማዳመጥ ነው። በ1984 የታተመ ጥናት 74 የሕክምና ቀጠሮዎችን መርምሮ፣ ሐኪሞች ታካሚው መናገር ከጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡት አገኘ። ያሰቡትን የመጀመሪያ ንግግር እስከ መጨረሻው የተናገሩት ታካሚዎች 23 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኔማ 18 ሰከንዱንም አልሰጠኋቸው!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላርም። «ከንግግራችን ውስጥ ቃላት የሚይዙት 7 በመቶ ብቻ ነው፤ 38 በመቶው ቃና፣ 55 በመቶው የፊት ገጽታ ነው» የሚል ነገር በየሥልጠናው ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ ቁጥር አልበርት ሜህራቢያን በ1967 ካሳተማቸው ጥናቶች የመጣ ነው። ግን እሱ ያጠናው ሰው ስሜቱን ሲገልጽ፣ በተለይ ቃሉና ቃናው ሲጋጩ፣ ሰሚው የቱን እንደሚያምን ነው። ለማንኛውም ንግግር የሚሠራ ሕግ አይደለም። «ክኒኑን በቀን ሁለቴ ይውሰዱ» ስላችሁ «ሁለቴ» የሚለው ቃል 7 በመቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር! ትክክለኛው ትምህርት እንዲህ ነው፦ ቃላችንና ቃናችን ሲጣሉ ሰው የሚያምነው ቃናውን ነው።

ለስላሳ ድምፅ ሁሉ ቅን አይደለም

«እንግዲያው ድምፄን ላለስልስ» ካላችሁ፣ ቆይ፣ አልጨረስኩም።

እኔም ከዚያ ታሪክ በኋላ መጀመሪያ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ሁሉንም «እማዬ»፣ «አባዬ» እያልኩ ድምፄን እንደ ማር ማቅለጥ ጀመርኩ። አንድ ቀን አንድ አዛውንት፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ «ዶክተር፣ እንደ ሕፃን አታባብለኝ፤ በሽታዬን ንገረኝ» አሉኝ። ደነገጥኩ፤ እውነታቸውን ነበር። አረጋውያንን በሕፃን ቋንቋ ማናገር ብዙ ጊዜ የሚደረገው ለደግነት ተብሎ ነው፤ ለእነሱ ግን ንቀት ሆኖ ይሰማቸዋል። የመርሳት ችግር ያለባቸው አረጋውያን እንኳን በዚህ ዓይነት ቃና ሲናገሯቸው እርዳታ አንቀበልም የማለታቸው ነገር እንደሚጨምር በእንክብካቤ ማዕከላት የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

ሁለተኛው የውሸት ልስላሴ በየቤታችን ያለው ነው። ቤተሰብ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይይዝና «ዶክተር፣ ካንሰር መሆኑን ለእሱ እንዳትነግረው» ይላል። ከዚያ ሁሉም ተሰብስቦ ወደ አልጋው ይገባና «ምንም አይደለም፣ ትንሽ ቁስለት ነው፣ ይድናል» ይላል። አስታማሚዎች፣ ስሙኝ፦ ታማሚው ከቃላችሁ ይልቅ የድምፃችሁን መንቀጥቀጥ ይሰማል። የተገደደ ሳቃችሁን ይሰማል። እሱ ሲገባ... ወሬ ሲቋረጥ ይሰማል። ብዙዎቹ ያውቃሉ፤ ግን እናንተን ላለማስጨነቅ እንደማያውቁ ሆነው ብቻቸውን ይፈራሉ።

ይህን ስል መርዶ እንደ ድንጋይ ይወርወር ማለቴ አይደለም። በሕክምና ክፉ ዜና የሚነገርበት ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ጸጥ ያለ ቦታ ተቀምጦ፣ «እስካሁን ምን ያውቃሉ?» ብሎ፣ ከዚያ «ምን ያህል ዝርዝር እንድነግርዎት ይፈልጋሉ?» ብሎ ፈቃድ ጠይቆ፣ ቀስ በቀስ፣ በሚገባ ቋንቋ ነው የሚነገረው። ታማሚው «ለልጄ ንገሯት፣ እኔ አልፈልግም» ካለ መብቱ ነው። ዋናው እሱ መጠየቁ ነው።

ስለዚህ ቅንነት ማለት ለእኔ ሦስት ነገር ነው፦ እውነቱን መናገር፣ የማላውቀውን አላውቅም ማለት፣ እና መልሱን በእውነት ለመስማት ፈልጎ መጠየቅ። እነዚህ ሲኖሩ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይስተካከላል። ከሌሉ ግን የድምፅ ልምምድ ብቻውን አያድነንም።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

1. ከመናገራችሁ በፊት አንድ ጊዜ ረዘም አድርጋችሁ ተንፍሱ። ትንፋሽ ሲረጋጋ ጉሮሮም ይላላል። አምስት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። እኔ አሁን እያንዳንዱን ታካሚ ከመጥራቴ በፊት አደርገዋለሁ።

2. ተቀመጡ፣ በዓይን እኩል ሁኑ። ቆመን ወደ ታች የምንናገረው ነገር ሁሉ ትእዛዝ ይመስላል።

3. «ለምን»ን በ«ምን» ቀይሩ። «ለምን መድኃኒትህን አልወሰድክም?» ክስ ነው። «መድኃኒቱን እንዳትወስድ ምን አስቸገረህ?» ጥያቄ ነው። ከጠየቃችሁ በኋላ ደግሞ ጠብቁ። ዝምታው ቢረዝምም አትሙሉት፤ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው የሚመጣው።

4. ጆሮ ለከበዳቸው ወላጆች አትጩሁ። በዕድሜ ምክንያት የሚመጣ የመስማት ችግር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚወስደው ቀጫጭን ድምፆችን ነው። ስንጮህ ደግሞ ድምፃችን ይቀጥናል፤ ቁጣም ይመስላል። ፊት ለፊት ሁኑ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሱ፣ ወፈር ባለ ድምፅ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። ካልሰሙም ያንኑ ከመደጋገም በሌላ ቃል በሉት። ጆሯቸውንም አስመርምሩ፤ አንዳንዴ የደረቀ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

5. ልጆችን በሐኪም አታስፈራሩ። «ዝም ካላልክ ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል» የተባለ ልጅ ሲያመው ሊነግራችሁ አይደፍርም። «አያምም» ብላችሁም አትዋሹት። «ትንሽ ይቆነጥጥሃል፣ እጄን ያዝ፣ ቶሎ ያልቃል» በሉት፤ በተረጋጋ ድምፅ። ልጅ መርፌውን ከማየቱ በፊት የእናቱን ድምፅ ነው የሚያዳምጠው።

6. ውጭ አገር ያላችሁ፣ ከወላጆቻችሁ ጋር በስልክ ብቻ የምትገናኙ፦ «ደህና ነኝ ልጄ፣ አታስቢ» የሚለውን ቃል ብቻ አትስሙ። «እማዬ፣ መድኃኒትሽን ወሰድሽ? ግፊትሽ ስንት ነው? ለምን ሐኪም ቤት አልሄድሽም?» ብላችሁ እንደ መርማሪ ከጀመራችሁ የምታገኙት መልስ «እሺ» ብቻ ነው። መጀመሪያ ስለ ውሏቸው፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ በሉት ነገር አውሩ። ድምፃቸው ሲፈታ ያን ጊዜ ጠይቁ። የደከመ፣ የሚያቃትት ወይም የተለወጠ ድምፅ ከሰማችሁ ቅርብ ያለ ዘመድ ሄዶ እንዲያያቸው አድርጉ።

7. ከተቆጣችሁ ይቅርታ ጠይቁ። «ቅድም የጮህኩት ፈርቼ ነው፤ እንዳጣህ ፈርቼ» ማለት ይቻላል። አብዛኛው የቤት ውስጥ ቁጣ እኮ ፍርሃት ነው። ታማሚው ግን ፍርሃቱን አያይም፤ የሚሰማው ጩኸቱን ነው።

ለታካሚዎች፦ ሐኪሙ ከተቆጣስ?

ሐኪም መቆጣት አልነበረበትም። ይህን በግልጽ ልበላችሁ። ግን ከተቆጣ ጤናችሁን ይዛችሁ አትመለሱ። እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ያዙ፦

«ዶክተር፣ ሳልወጣ አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ።»

«መድኃኒቱ ይህን ያህል አስቸግሮኛል፤ ሌላ አማራጭ አለ?»

«አልገባኝም፤ እባክህ እንደገና አስረዳኝ።»

ለመናገር የምታፍሩበት ጉዳይ ከሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፣ ወይም ነርሷን ለብቻዋ አናግሩ። የስኳር ታካሚ የሆናችሁ ደግሞ፣ ስኳር የእግርን የመሰማት አቅም ስለሚቀንስ ቁስል ሳያማችሁ ሊሰፋ ይችላል። በየማታው እግራችሁን ከላይም ከሥርም፣ በጣቶቹ መካከልም እዩ። ማንኛውም ቁስል፣ ምንም ትንሽ ብትሆን፣ የሐኪሙ ፊት ቢጠቁርም ባይጠቁርም ትታይ። ሌላው፣ ማንኛውንም መድኃኒት ሆድ ቢያስቀምጥም ባያስቀምጥም በራሳችሁ አታቋርጡ፤ መጥታችሁ ንገሩን።

ድምፅ ራሱ የሕመም ምልክት ሲሆን

ሐኪም ነኝና ይህን ሳልል አልዘጋም።

ንግግሩ በድንገት የተሳሰረ፣ ፊቱ ወደ አንድ ጎን የተጣመመ ወይም አንድ እጁ የዛለ ሰው ካያችሁ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። «እስኪያልፍለት ይተኛ» አይባልም፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን፣ በተለይ ለሚያጨስ ሰው ወይም አንገት ላይ እብጠት ካለ፣ መመርመር አለበት።

ቀድሞ ተጫዋች የነበረ ሰው ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ቀርፎ፣ ዜማ አልባ ሆኖ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከእንቅልፍና ከምግብ ፍላጎት መዛባት ጋር፣ የድባቴ ሕመም ሊሆን ይችላል። ድምፁ እየሳሳ ከመጣና እንቅስቃሴው ከዘገየ ደግሞ ፓርኪንሰንም ሊሆን ስለሚችል መታየት ይኖርበታል። «አኩራፊ ሆነ» ብላችሁ አትለፉት።

በመጨረሻ

እነዚያ እናት አሁንም ክትትል ላይ ናቸው። መድኃኒታቸው ተስተካክሎላቸዋል፤ ከምግብ ጋር ይወስዱታል፤ ሆዳቸውም ተረጋግቷል። ወደ ጉልታቸው ተመልሰዋል፤ ሰፋ ያለ ሽፍን ጫማ ነው የሚያደርጉት። ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ። «ተው እንጂ፣ ልጅ አይደለህ?» ብለው ሳቁብኝ። ይቅርታው ጣቶቻቸውን እንደማይመልስ ሁለታችንም እናውቃለን።

አሁን አንድ ልማድ አለኝ። ታካሚ ሊወጣ ሲል እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ፤ ቀና እላለሁ፤ «ሌላ የሚነግሩኝ ነገር አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ «የለም ልጄ» ብለው ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ግን በሩ ጋ ቆም ይሉና ተመልሰው ይቀመጣሉ።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ውስጥ «እሺ» የሚላችሁ ሰው ይኖራል። የትኛዋ «እሺ» እንደሆነች እስቲ አዳምጡ።

ጽሑፉ ይጠቅመዋል ለምትሉት አስታማሚ አጋሩለት። ጤናችሁ ይብዛ!